ጨጓራ ነው ብለንሽ ነበር

ሚጣዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ይህን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ «እንዴት ነሽ» ማለት ራሱ ያሳፍራል። ብደውልልሽ አታነሺውም፤ ብታነሺውም እኔ አለቅሳለሁ እንጂ አልናገርም። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የድሮ ፊልም ከፈትኩ። አንቺ ኤልዛቤት ቴይለርን ትወጃት አልነበር? የሷ ነው። «በጋለ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ያለች ድመት» ይባላል፤ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ። በፖል ኒውማን ሰማያዊ ዓይን ተስቤ ነው የጀመርኩት፣ ልዋሽሽ አልችልም።

ታሪኩ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ የአንድ ሀብታም ገበሬ ቤት ነው። ሁሉም «ቢግ ዳዲ» የሚሉት አባት 65 ዓመት ሞልቶት ልደቱ እየተከበረ ነው። ከምርመራ መመለሱ ነው። ካንሰር ነው፣ እየሞተ ነው። ለሱና ለሚስቱ ግን «አንጀትህ ነው፣ ሌላ ምንም የለብህም» ተብሏል። ልጆቹ እውነቱን ይዘው ይዘፍኑለታል።

እዚህ ላይ አቆምኩት። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የአባትሽን፣ የጋሼን የምርመራ ወረቀት ከሆስፒታል የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ወንድሞችሽ «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ወረቀቷም አልወጣላት፣ ብትሰማ መምጣት አትችል» አሉ። እኔም ልክ መሰለኝ። በየእሁዱ ስትደውዪ «ጨጓራው ነው፣ ተሽሎታል» እያልኩ ስንት ወር! ሆድ ይፍጀው ብዬ። ከዚያ ሳይነጋ ነጠላ ያደረጉ ሰዎች በርሽን አንኳኩ። ያን ቀን የላክሽልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አንቺም?»

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙን መልሼ ከፈትኩት።

ቴይለር ማጊ ናት። ባሏ ብሪክ ሰክሮ በሌሊት መሰናክል እዘላለሁ ብሎ እግሩን ሰብሯል። በክራንች እያነከሰ ይጠጣል። አይነካትም፣ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ግን አልወለደችም ተብላ የምትታማው እሷ ናት! የታላቅ ወንድሙ ሚስት አምስት ልጅ አሰልፋ፣ ስድስተኛውን በሆዷ ይዛ፣ ውርሱን ትቆጥራለች። አማቶችሽን አስታወሰችኝ፤ ይቅርታ። ማጊ እንደዚያች የጋለ ቆርቆሮ ላይ ያለች ድመት ሆኛለሁ ስትለው ባሏ «ታዲያ ዝለይያ» ይላታል። አትዘልም። በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ የነካ ሰው ይገባዋል።

ቴይለር ያኔ 26 ዓመቷ ነው። ቀረጻው መሀል ባሏ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ ጨረሰችው። ይህን ካወቅሽ በኋላ ፊቷን በሌላ ዓይን ነው የምታዪው።

ሌላም አለ። ብሪክ የሚጠጣው ራሱን ባጠፋው ጓደኛው ምክንያት ነው። ፊልሙ የተወሰደበት የቴኔሲ ዊሊያምስ ቲያትር ላይ በሁለቱ መሀል ፍቅር እንደነበረ ይጠቆማል። የያኔው የሆሊውድ ደንብ ይህን አይፈቅድም፣ ስለዚህ ፊልሙ ላይ ደብዝዞ ቀረ። ደራሲው አልወደደውም። አየሽ፣ ስለ ሚስጥር የተሠራ ፊልም ራሱ ሚስጥር ደበቀ። ብሪክ «ያስጠላኝ ቅጥፈት ነው» ሲል እኔ ደግሞ «አንተስ?» አልኩት፣ ብቻዬን፣ በሌሊት።

በመጨረሻ እውነቱን ለአባቱ የሚያወጣው እሱ ነው፤ በፍቅር እንዳይመስልሽ፣ በንዴት ነው ያመለጠው። ከዚያ ምድር ቤት ይወርዳሉ። ከአውሮፓ የተገዛ፣ ማንም ያልተጠቀመበት ዕቃ ተከምሮበታል። ሽማግሌው ሕመሙ እየወጋው ማስታገሻውን እምቢ ብሎ፣ ድሃ አባቱ ስለተወለት አንዲት ሻንጣ ያወራል። ያን ያህል መሬት ያለው ሰው ሻንጣዋን አልጣላትም። እዚህ ላይ ነው የተንሰቀሰቅሁት።

ሚጣዬ፣ ያልነገርኩሽ አለ። ጋሼ ያውቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ሾርባ ስሰጠው «ጨጓራ ሰውን እንዲህ ያከሳል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ማንኪያውን ይዤ ዝም አልኩ። «ልጄ እሁድ ስትደውል ሬዲዮውን ቀንሺልኝ፣ ድምፄ ጤነኛ ይመስል እንደሆነ ልስማው» አለኝ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ አንቺን የምንዋሽሽ አብረን ነበር።

ይህን ለወንድሞችሽም አልነገርኩም። ላንቺ ግን መንገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አጥፍቻለሁ።

ሬዲዮው እኔ ጋ ነው። ባትሪው እንዳያበላሸው አውጥቼዋለሁ። ስትመጪ ትወስጂዋለሽ ወይስ ሰው ሲገኝ ልላክልሽ?

እህትሽ