ለአባዬ፣ ስለዚያ ረጅም ሙዚቃ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ከኋላህ የሚጮኸው ምንድን ነው?» ብለኸኝ ነበር። በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልህ። የስ የሚባል የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው አልበም ነው። «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» ይባላል። ሁለት ሸክላ ሲሆን በእያንዳንዱ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ አለ። እያንዳንዱ ዘፈን ወደ 20 ደቂቃ ይሄዳል።

ሐሳቡ የመጣው ከአንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ዘፋኙ ጆን አንደርሰን ቶኪዮ ሆቴል ውስጥ ሆኖ ህንዳዊው መምህር ፓራማሃንሳ ዮጋናንዳ ስለ ሕይወቱ የጻፈውን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ማስታወሻው ስለ አራት ዓይነት የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ይናገራል። አንደርሰን ለአራቱ አራት ዘፈን ለመሥራት ተነሳ። ከጊታሪስቱ ከስቲቭ ሃው ጋር በኮንሰርት ጉዞ ላይ እያሉ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሻማ አብርተው ጠነሰሱት።

ሰው በአልበሙ ለሁለት ተከፈለ። እንግሊዝ አገር በሽያጭ አንደኛ ወጣ፤ ብዙ ሐያሲዎች ግን «ተንዛዛ» አሉት። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሪክ ዌክማን ራሱ አልወደደውም። ሙዚቃው ለአንድ ሸክላ በዛ፣ ለሁለት አነሰ፣ ስለዚህ ሞላነው ባይ ነው። በ1974 ባንዱን ለቀቀ፤ በኋላ ተመልሷል።

ዌክማን ከመሬት ተነስቶ አይደለም እንዲህ ያለው። ቢያጥር የማይጎዳ ቦታ አለ። የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ዘፈን ላይ የእሱ ኪቦርድ ነው። ቀስ ብሎ ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ ቤቱን ይሞላዋል። ያልወደደውን ሥራ እንደዚያ አሳምሮ መጫወቱን ሳስብ አከብረዋለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ጊታሩ ይጮሃል፣ ምቱ ይቆራረጣል፣ ዜማ ያዝኩ ስትል ያመልጥሃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። የመጨረሻው ሲሶ ላይ ግን ሁሉም ዝም ይልና ሃው ብቻውን በአኩስቲክ ጊታር ይቀራል። ከዚያ አንደርሰን ለስለስ ባለ ድምፅ ይገባል። እኔ ለዚህ ቦታ ስል ያንን ሁሉ ጩኸት ደስ ብሎኝ እሰማለሁ። ቆርጠው ለብቻው ቢያወጡት እንዲህ አያሳርፍም ነበር።

አንተ በሑዳዴ በገና ስትሰማ ቸኩለህ አታውቅም። ደርዳሪው ያንኑ ሐረግ ሲመላልስ አንገትህን ደፍተህ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለህ። እኔም ይህን አልበም እንደዚያ ነው የምሰማው። አባዬ፣ ይህን ከአንተ ነው የወረስኩት።

ለእህቴ ልኬላታለሁ። ቅዳሜ ስትመጣ በስልኳ ትከፍትልህ፣ የጆሮ ማዳመጫም ታድርግልህ። ከመጀመሪያው አትጀምር፤ የሦስተኛውን መጨረሻ አስቀድም። ግጥሙ አልገባኝም ብለህ አትጨነቅ፤ ለእንግሊዞቹም ከባድ ነው። አንደርሰን ብዙ ጊዜ ቃል የሚመርጠው ለድምፁ ነው። ከዚያ አራተኛውን ሞክር። እዚያ ክሪስ ስኳየር ቤዝ ጊታሩን ከኋላ አውጥቶ ዜማውን ያስይዘዋል፤ ቀጥሎ ከበሮው ብቻውን ይነግሣል።

ካልወደድከው እንዳትደብቀኝ። የት ጋ እንደሰለቸህ ሳይቀር ንገረኝ፤ እሑድ እደውላለሁ።

የሚወድህ ልጅህ