ሊንድበርግ ብቻውን እንጂ መጀመሪያ አይደለም

ሰላም አዘጋጆች፣ ባለፈው አትላንቲክን ሳያርፍ በአውሮፕላን ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው አሜሪካዊው አብራሪ ሊንድበርግ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት ልክ አይደለም፣ እሱ በ1927 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ ፓሪስ ብቻውን በመብረር ነው አንደኛ የሆነው። ከሱ 8 አመት በፊት፣ ጁን 1919 ላይ፣ ብሪታንያውያኑ አብራሪው ጆን አልኮክና አቅጣጫ መሪው አርተር ብራውን ቪከርስ ቪሚ በምትባል ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ዛሬ የካናዳ ከሆነችው ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ተነስተው 16 ሰአት ገደማ በረው አየርላንድ ገብተዋል። ኮክፒቱ (የሚቀመጡበት ቦታ) ክፍት ነው፣ ሬዲዮው ብዙም ሳይርቁ ተበላሸባቸው፣ በዛ ላይ ጉም፣ ብራውን ደመናው ከፈት ሲልለት ኮከብ እያየ ነው የት እንዳሉ የሚያሰላው እንግዲህ አስቡት። ክሊፍደን የምትባል የአየርላንድ ከተማ አጠገብ ሜዳ መስሏቸው ያረፉበት ደግሞ ረግረግ ሆኖ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ጭቃው ውስጥ ተተከለ፣ እነሱ ግን ደህና ወጡ (እድል ነው መቼም)። አልኮክ ያሳዝናል፣ በዛው አመት ዲሴምበር ላይ ሌላ አውሮፕላን እያበረረ ተከስክሶ ሞተ። እና እባካችሁ ማረሚያ አውጡ።