ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስንጨዋወት «ከተከታታይ ፊልሙ አንድ ክፍል ብቻ አይቼ እተኛለሁ እልና ሳላስበው ሦስተኛው ላይ እገኛለሁ» ላልሽኝ ነገር ወዲያው መልስ ልሰጥሽ አልፈለግሁም። አፌ ላይ የመጣው አጭር መልስ «እንግዲህ ራስሽን ግዢ» የሚል ነበር፤ እርሱ ደግሞ የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው አንቺ ዘንድ ሳይሆን ፊልሙን በኢንተርኔት በምታዪበት በኔትፍሊክስ ሴቲንግ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ክፍል ማንም ሳያዘው የሚያስጀምረውን፣ ኦቶፕሌይ የሚባለውን ነገር እንድታጠፊው ልመክርሽ፣ የምመክርሽበትንም ምክንያት ዘርዘር አድርጌ ላስረዳሽ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅሽ። አካውንቱ በእኔ ስም ስለሆነ እዚሁ ቁጭ ብዬ በአንቺ ፕሮፋይል፣ ማለትም በአካውንቱ ውስጥ በስምሽ በተለየው ቦታ፣ በመግባት ልዘጋልሽ እችል ነበር። አላደረግሁትም፤ ወደፊትም አላደርገውም። የምከራከረው ውሳኔው ከእጅሽ ሾልኮ እየወጣ ነው ብዬ ሆኖ ሳለ፣ እኔው ከኋላሽ ዞሬ ብወስንልሽ ክርክሬ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

እስኪ አንድ ክፍል ሲያልቅ የሚሆነውን ረጋ ብለሽ አስተውዪው። የመጨረሻው ትዕይንት ተቋርጦ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር፣ ገና ሁለት መስመር እንኳ ሳይነበብ፣ «ቀጣይ ክፍል» የሚል ቁልፍ ከስክሪኑ ታችኛው ጥግ ላይ ብቅ ይላል። ቁልፉ ከዳር እስከ ዳር ቀስ በቀስ በቀለም እየተሞላ ይሄድና ሞልቶ ሲያበቃ አዲሱ ክፍል ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። የሠሪዎቹን ስም ማንበብ የፈለገ ሰው በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ ሪሞቱን ፈልጎ ሌላ ቁልፍ መጫን ይጠበቅበታል። (እኔ ሙዚቃውን የሠራው ማን እንደሆነ ማወቅ ስለምወድ ይህ ነገር ለብቻው ያናድደኛል፤ ወራት የለፉ ሰዎች ስማቸው እንኳ በቅጡ ሳይታይ ይባረራሉ።)

ነገሩ ከጥንት የነበረ እንዳይመስልሽ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲቋቋም መነሻ ሥራው ዲቪዲ በፖስታ ቤት በኩል ማከራየት ነበር፤ በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው፤ ቀጣዩን ክፍል በራሱ ማስጀመርን ያመጣው ደግሞ በ2012 ነው። በዓመቱ፣ በ2013፣ የአንድ አዲስ ተከታታይ ፊልም 13 ክፍሎችን በሙሉ በአንድ ቀን ለቀቀ። ሁለቱ ነገሮች ሲገናኙ በእኛ ዕድሜ የለመድነው ሥርዓት ተገለበጠ። ድሮ ክፍሉ ሲያልቅ ጣቢያው ራሱ ያቆምሽ ነበር፤ የቀረውን ለማየት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነበር፤ በዲቪዲም ቢሆን ቢያንስ ተነሥቶ ሌላ ዲስክ መክተት ያስፈልግ ነበር።

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም ክፍል ሲያልቅ «ልቀጥል ወይስ ላቁም?» የሚል ጥያቄ መኖሩ አይቀርም። መጽሐፍ በምታነቢበት ጊዜ ምዕራፉ ካለቀ በኋላ ለመቀጠል ገጹን የምትገልጪው አንቺ ነሽ፤ ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ መጽሐፉም ዝም ብሎ ይቀመጣል። በኦቶፕሌይ ግን ዝምታሽ እንደ እሺታ ተቆጥሮ ይመዘገባል። ለመቀጠል ምንም ማድረግ አይጠበቅብሽም፤ ለማቆም ግን እጅሽን ማንሣት፣ ሪሞቱን መፈለግ፣ ቁልፉን መጫን፣ ያውም በተቆረጠልሽ ሴኮንድ ውስጥ ማድረግ አለብሽ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። የሰው ልጅ ባህርይ በኢኮኖሚ ውሳኔዎች ላይ ያለውን ሚና በማጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ታለርና የሙያ ባልደረቦቻቸው በተደጋጋሚ ካሳዩት ነገር አንዱ ይኸው ነው፦ ብዙ ሰው አስቀድሞ በተመረጠለት ነገር ላይ ይረጋል። ሠራተኞች ለጡረታ ቁጠባ ራሳቸው ፎርም ሞልተው እንዲመዘገቡ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ዛሬ ነገ እያሉ ይዘገያሉ፤ ሁሉም ተመዝግበው የማይፈልግ ይውጣ ሲባል ግን አብዛኞቹ ሳይወጡ ይቀራሉ። ሰዎቹም ገንዘቡም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ምንም ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚደርስባቸው ነገር ብቻ ነው። በቁጠባው ይህ ለሠራተኛው ጥቅም ዋለ። ባንቺ እንቅልፍ ላይ የዋለው ለማን ጥቅም እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በዚህ ላይ ጥያቄው የሚመጣበትን ሰዓት ተመልከቺ። የተከታታይ ፊልም ደራሲ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ክፍሉን የሚጨርሰው ነገሩ በተንጠለጠለበት ቦታ ነው፤ በሩ ተከፈተ፣ ማን እንደገባ አላየንም፤ ስልኩ ጮኸ፣ የደወለውን አልሰማንም። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ተረት ከተጀመረ ጀምሮ ሰው ልብ እየሰቀለ ሲያወራ ኖሯል። ነገር ግን ልብሽ በተሰቀለበት በዚያው ቅጽበት «ትቀጥያለሽ?» ተብለሽ፣ ለመልስ ጥቂት ሴኮንድ ተሰጥቶሽ፣ ዝም ካልሽም እሺ እንዳልሽ ሲቆጠር፣ ፍርዱ አስቀድሞ የተሰጠ ያህል ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የ50 ደቂቃ ክፍል ልታዪ ተቀምጠሽ ሦስት ክፍል ቢያልፍብሽ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሺ ከሆነ የቀረሽ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ስለዚህ «ሳላስበው» ያልሽው ቃል ልክ ነው፤ አላሰብሽበትም፣ ምክንያቱም ማሰቢያው ጊዜ ተወስዶብሻል።

እንግዲህ ለማን ጥቅም ወደሚለው ልምጣ። ብልህ ልጅ ስለሆንሽ «በወር የምንከፍለው ያው ነው፤ ብዙ ባየሁ ምን ይጠቀማሉ?» ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። እንዲያውም ብዙ ስታዪ እነርሱን ያስወጣቸዋል እንጂ ሊመስልሽ ይችላል። ነገር ግን ወርኃዊ ክፍያ የሚሰበስብ ድርጅት ትልቁ ፍርሃቱ ደንበኛው አንድ ቀን ሒሳቡን አይቶ «ይህን ነገር እኮ ብዙም አላየውም፣ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ እንዳይሰርዝ ነው። ዘወትር የሚያይ ሰው፣ በተለይም አንድ ተከታታይ ፊልም ጀምሮ መሐል ላይ ያለ ሰው፣ አይሰርዝም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኔትፍሊክስ ማስታወቂያ ያለበት ርካሽ ምርጫ አምጥቷል፤ እዚያ ላይ የምታዪው ሰዓት በቀጥታ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ የነበሩት ሪድ ሄስቲንግስ በ2017 ዓ.ም. በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ተፎካካሪያችሁ ማን ነው በሚለው ነገር ላይ ሲናገሩ የምንፎካከረው ከእንቅልፍ ጋር ነው ብለው ነበር። በቀልድ መልክ ቢነገርም ቁም ነገሩን የሚሸፍን ቀልድ አልነበረም። ይህን የምነግርሽ ጠላት ልፈጥርልሽ አይደለም። ነጋዴ ለንግዱ ያስባል፤ ለእንቅልፍሽ ማሰብ የእርሱ ሥራ አይደለም።

«አሁንም እያዩ ነው?» የሚለው መልእክትስ ብትዪኝ፣ እርሱ የሚመጣው ምንም ቁልፍ ሳትነኪ ሦስት ክፍል በተከታታይ ካለፈ ወይም 90 ደቂቃ ያህል ካየሽ በኋላ ነው። የሚጠይቅሽም ነቅተሽ እንደሆነ እንጂ መቀጠል ትፈልጊ እንደሆነ አይደለም። መሐል ላይ ፊልሙን ለአፍታ ለማቆም ወይም ወደ ኋላ ለመመለስ ቁልፍ ከነካሽ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። እርሱን ተማምነሽ አትቀመጪ።

ማጥፋቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በጣም አስተማማኙ መንገድ በኮምፒውተር ወይም በስልክሽ ብሮውዘር ወደ ኔትፍሊክስ ገብተሽ «አካውንት» የሚለውን መክፈት፣ ከፕሮፋይሎቹ የራስሽን መምረጥ፣ ከዚያም «ፕሌይባክ ሴቲንግስ» የሚለው ውስጥ መግባት ነው። እዚያ ሁለት ምልክት የተደረገባቸው ትንንሽ ሳጥኖች ታገኛለሽ። አንደኛው ቀጣዩን ክፍል በሁሉም መሣሪያዎች ላይ በራሱ የሚያስጀምረው ነው፤ ምልክቱን አንሺና «ሴቭ» በዪው። ሴቭ ሳይባል ከገጹ ከተወጣ ምንም አይለወጥም፤ ብዙ ሰው «አጥፍቼው መልሶ መጣ» የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሁለተኛው ሳጥን ገና ምን እንደምታዪ ስትመርጪ የፊልሞቹን ቅንጭብ ከነድምፁ የሚለቀው ነው። ይህን ማጥፋት የተፈቀደው ተመልካቹ ብዙ ካማረረ በኋላ፣ በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ፤ ረጋ ብሎ ለመምረጥ ጸጥታ ያስፈልጋል።

ሴቲንጉ የሚሠራው ለዚያ ፕሮፋይል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአንቺን ማጥፋትሽ የእናትሽን አይነካም። በቲቪው ላይ ለውጡ ወዲያው ካልታየሽ ወደ ሌላ ፕሮፋይል ቀይረሽ ወደ ራስሽ ተመለሺ፤ አዲሱን ሴቲንግ ያኔ ይወስዳል። እዚያው ገጽ ላይ እያለሽ የዳታ አጠቃቀሙንም ተመልከቺ። በጥራት ያለ ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል፤ ተኝተሽ ሳለ ቀጣዩ ክፍል መጫወቱን ቢቀጥል የሚባክነው እንቅልፍ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ትረጃለሽ።

ካጠፋሽው በኋላ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ክፍሉ ያልቃል፣ ስሞቹ እስከ መጨረሻው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ስክሪኑ ቆሞ አንቺን ይጠብቃል። የፈለግሽ እንደሆነ «ቀጣይ ክፍል» የሚለውን ትጫኛለሽ፤ ማንም አይከለክልሽም። ዕረፍትሽ ላይ ሆነሽ አምስት ክፍል በአንድ ቀን ብታዪ የምቆጣ አይደለሁም፤ እኔም ተከታታይ ፊልም እወዳለሁ፣ ታውቂያለሽ። አምስቱንም ጊዜ ቁልፉን የተጫንሽው አንቺ ከሆንሽ ይበቃኛል። ለኦቶፕሌይም ቢሆን ተገቢ ቦታ አለው፤ እጁ ሥራ ላይ ለሆነ ሰው፣ ወይም በሕመምና በአካል ጉዳት ምክንያት ሪሞት ማንሣት ለሚከብደው ሰው ትልቅ እገዛ ነው። አስቀድሞ ለሁሉም ክፍት ሆኖ መምጣቱ ነው የማይዋጥልኝ።

ልብሽ ተሰቅሎ መተኛት ሲያቅትሽ ደግሞ አንድ ዘዴ አለኝ። ክፍሉ ያለቀበት ጭንቅ ብዙውን ጊዜ በቀጣዩ ክፍል የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ስለዚህ ቀጣዩን ራስሽ አስጀምሪው፣ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ እዪ፣ ከዚያ መሐል ላይ አቁመሽ ተኚ። መሐል ላይ ማቆም ጫፍ ላይ ከማቆም ይልቅ ቀላል ነው፤ ኔትፍሊክሱም ያቆምሽበትን ቦታ ስለሚይዝልሽ በማግሥቱ ከዚያው ትቀጥያለሽ።

በሌሎቹም ዘንድ ማጥፊያው አለ። በዲዝኒ ፕላስ ፕሮፋይልሽን ለማስተካከል ስትገቢ ታገኚዋለሽ፤ በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ በሴቲንጉ ውስጥ ስለማጫወቻው በሚናገረው ክፍል አለ፤ በዩቲዩብ ደግሞ ቪዲዮው ላይ ራሱ ትንሽዬ ማብሪያ ማጥፊያ አለችው። ዩቲዩብ በ2021 ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ተጠቃሚዎች ኦቶፕሌይ ከመጀመሪያው ጠፍቶ እንዲመጣ መወሰኑን አስታውቋል፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ግን ራሱ ፈልጎ ማጥፋት አለበት።

የታናሽ ወንድምሽን ፕሮፋይል በተመለከተ ግን ለአንቺ ያልሁትን አልተከተልሁም፤ እኔው አጥፍቼበታለሁ። ገና ልጅ ስለሆነ ለጊዜው የምወስንለት እኔ ነኝ፤ ሲያድግ የሴቲንጉን ገጽ አሳየዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈቀደ ያድርገው። ሲደውልልሽ አቤቱታ ማቅረቡ አይቀርምና ምክንያቱን ነግሬዋለሁ በዪልኝ።

ያለሽበት ቲቪ አፑ አሮጌ ከሆነና ያልሁሽን ቦታ ካጣሽው ስክሪኑን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን።

የሚወድሽ አባትሽ