«ሣር ለሚበላ በግ ይሄ ሁሉ ብር?» ላላችሁን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

የበጎቻችን ዋጋ በመጨመሩ ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁ ሰምተናል። ስላስከፋናችሁ ይቅርታ። ዋጋው ግን አይወርድም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ የቆየ ደንበኛችን «ሣሩን ያበቀለው ፈጣሪ፤ እናንተ ምን ጨመራችሁበት?» አለኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ሣሩ ያለበት መሬት ኪራይ ይከፈልበታል። ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያለውን ግጦሽ በአጥር ከፋፍለን በጎቹን በየጥቂት ቀኑ እናዛውራለን። አንድ ቦታ ከቆዩ ሣሩን እስከ ሥሩ ይግጡታል፤ የሆድ ትል እጭ የሚበዛው ደግሞ እዚያው ሥሩ አጠገብ ነው። ረግረጉን ጭራሽ ዘግተነዋል። የጉበት ትል የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነውና። ለምለም ሣር አጥሮ መተው ያንገበግባል። ግን ለዱለት ያሰባችሁት ጉበት ከሚጣል ይሻላል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የድርቆሽ ወጪ አለ። የበልግ ዝናብ የቀረ ዓመት ድርቆሽ የሚፈልገው ሰው ብዛቱ፣ ዋጋውም አይቀመስም። እረኛው ደሞዝ ይፈልጋል። የሌሊት ዘበኛም አለ፤ ጅቡ እንደሆነ አያርፍም። በጎቹን ደሴና ኮምቦልቻ የምናመጣበት መኪና ናፍጣ ስንት እንደገባ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በዚያ ላይ ጊዜው። ታስሮ ፋጉሎና ፉርሽካ የሚበላ በግ በ3 ወር ገደማ ይደልባል። እሱን አልንቅም፤ ጥሩ ሙክት ይወጣዋል። የእኛው እየተራመደ ስለሚግጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ እስኪደርስ ሁሉ ወጪው ይቆጥራል። ለገበያ ቀን ጨው አልሰው ውሃ ከሚሞሉት ጋር ግን እባካችሁ አታወዳድሩን። ያ ሆድ እንጂ ሥጋ አይደለም። የእኛን በግ ወገቡን ዳብሱት፣ ላቱን ጨብጡት።

በ2014 በጦርነቱ መንጋችን ሲያልቅ፣ ገና ላልተወለደ በግ ቀብድ ከፍላችሁ ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ። ለአረፋውም ለፋሲካውም ከእኛ ሌላ ደጅ ያልረገጠ ቤተሰብ አለ። ይሄን የረሳን ይመስል «ስግብግብ» መባላችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሞናል።

ለመጪው በዓል ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትወስዳላችሁ። አዲሱ ዋጋ የከበዳችሁ ደግሞ በሁለት ጊዜ ክፈሉ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር አንዱን በግ ተካፈሉት። ሌላ ቦታ ለመግዛት የወሰናችሁም ቅር አይለንም። ትንሽ ይለናል እንጂ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ብቅ በሉና ግጦሹን እዩት። ቡናው በእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የእርሻው ባለቤት
ደሴ