ይወረስ ስለተባለው ባለ ባትሪ ብስክሌት

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ በየሰፈሩ እየተበየዱ የሚወጡት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ተለቅመው እንዲወረሱ የሚጠይቅ ደብዳቤ አውጥታችኋል። ጋዜጣውን ያመጣልኝ አንድ የዘወትር ደንበኛዬ ነው፤ «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ተጽፏል» ብሎ ሳቀ። ስሜ አልተጠቀሰም፤ ሥራዬ ግን በደንብ ተጠቅሷል። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ብስክሌት እጠግናለሁ። ራጂ (የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች) ስወጥር፣ ካቴና ስቀጥል፣ ካላማዳሪያ ስለጥፍ ጸጉሬ ሸብቷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወጣቶች ሞተርና ባትሪ በካርቶን ታቅፈው እየመጡ እንድገጥምላቸው ይጠይቁኛል፤ እገጥምላቸዋለሁ። ተከሳሽ ነኝና መልስ ልስጥ።

ጸሐፊው በአንድ ነገር እውነት አላቸው፤ እነዚህ ብስክሌቶች አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። እርሳቸው ከጻፉት የባሱም አይቻለሁ። ያልተስማማሁት በምክንያቱ ነው። አደገኛ የሆኑት «በእጅ የተሠሩ ስለሆኑ» ነው ብለዋል። በእጅ መሠራት ወንጀል ከሆነ በዚህ ከተማ የሚነዱትን ጋሪዎች ሁሉ፣ የባጃጆቹን ሸራና የአይሱዙዎቹን የጭነት ሳጥን ጭምር መውረስ ሊኖርብን ነው። ነገሩ «አዲስ የቻይና ጣጣ» ነው ያሉትም ልክ አይደለም። አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን በኋላ ጎማው መሐል ኤሌክትሪክ ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ እኛ የዓድዋ ክተት በታወጀበት ዓመት ማለት ነው። የእርሱ ሞተር የሚሠራው በ10 ቮልት ስለነበረ እስከ 100 አምፔር ይጠጣ ነበር። የዛሬዎቹ በ36 ወይም በ48 ቮልት ስለሚሠሩ ያንኑ ጉልበት በቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ይቻላል። የሞተሩ ቦታ ግን ያው ቦልተን ያስቀመጠበት ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ላስረዳ። ሞተሩ ራጂዎቹ በሚሰበሰቡበት በጎማው እምብርት ላይ ይቀመጣል። የሚዞረው ቀፎው ነው፤ ዘንጉ አይዞርም። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ ዘንጉን በዚያው ኃይል ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። በተራ ብስክሌት ላይ ዘንጉን የሚጠመዝዝ ነገር ስለሌለ ዳዶ ማጥበቅ ይበቃል። ሞተር ሲገባ አይበቃም። ዘንጉ ግራና ቀኙ ተሞርዶ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ጎን ይወጣለታል፤ ይህ ጎን በብስክሌቱ ብረት ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መጠምዘዙን ይቋቋማል ተብሎ ይታሰባል። የስንጥቁ ብረት ደግሞ ስስ ነው። አሉሚኒየም ከሆነማ አንድ ቀን አፉን ይከፍትና ዘንጉ በቦታው ይሽከረከራል። የሞተሩ ሽቦዎች የሚወጡት በዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ ተጠማዝዘው ይበጠሳሉ። ሞተሩ የተገጠመው በፊት ጎማ ላይ ከሆነ ጎማው ራሱ ወልቆ ይሄዳል፤ ነጂው የት እንደሚቀር መናገር አያስፈልግም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ስንዝር የሚያህል ብረት ይቆረጣል። በአንድ ጫፉ የዘንጉ ልክ የሆነ ስንጥቅ ይወጣለታል፤ ሌላው ጫፉ ከብስክሌቱ ቱቦ ጋር በክላምፕ ይታሰራል። እኛ ክንድ እንለዋለን። ሥራው ያለው ስንጥቁ ላይ ነው። በግራይንደር ብቻ ቆርጠው የሚተዉ አሉ፤ የግራይንደር ዲስክ አፉን ሰፋ፣ ሥሩን ጠበብ ያደርገዋልና ዘንጉ እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ይበላዋል። እኔ አጥብቤ እቆርጠውና የቀረውን በሞረድ እጨርሰዋለሁ፤ ጥቂት ሞርዶ መሞከር፣ ደግሞ ሞርዶ መሞከር ነው። ልኩ ሲደርስ ዘንጉ ላይ በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሲነቀንቁት ድምፅ አያሰማም። መዶሻ ከፈለገ ጠቧል፤ ድምፅ ካሰማ ሰፍቷልና ይጣላል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ባትሪው ኤሌክትሪክ የሚመልስ ሞተር ከሆነ ዘንጉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚጠመዘዝ ክንዱን በግራም በቀኝም ማድረግ ግድ ይላል። ይህንን የሚያህል ቁራጭ ብረት የሌለው ብስክሌት በከተማችን ሲነዳ ሳይ ቆሜ እጠራዋለሁ፤ አንዳንዱ ገንዘብ የምለምነው ይመስለውና ፍጥነት ይጨምራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍሬን ነው። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ታቦርና አላሙራ ዳር ላይ ቆመው ከማየት በቀር ብስክሌተኛን አያስቸግሩም። ስለዚህ ሰዉ በደካማ ፍሬን መንዳት ለምዷል። በየቤቱ ያሉት የቆዩት ፎኒክስ ብስክሌቶች ፍሬናቸው በብረት ዘንግ ተስቦ ላስቲኩን ከክሮም ቸርኬው ጋር የሚያጣብቅ ነው። የክሮም ቸርኬ ውኃ ሲነካው ላስቲክ ይንሸራተትበታል፤ በክረምት ኮብልስቶን ላይ የሞከረው ያውቀዋል። በእግሩ የሚነዳ ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳልና እግሩን መሬት አስነክቶም ቢሆን ይቆማል። ሞተር ስንገጥምለት 30 ይሄዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ ይጨምራል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ስለሆነ ለሐዋሳ ተብሎ አይሻሻልም። ከፊት ያለው ባጃጅ ደግሞ ተሳፋሪ ባየበት ቦታ ሁሉ ድንገት ይቆማል። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ስለ ሞተሩ ከመናገሩ በፊት ስለ ፍሬኑ ይጠየቃል። የዲስክ ፍሬን ለመግጠም ፈቃደኛ ካልሆነ ካርቶኑን ይዞ ይመለሳል።

እንግዲህ መውረስ ምን እንደሚያመጣ አንድ ያየሁትን ልናገር። ከአሞራ ገደል ቆሮሶ እየተቀበለ ለምግብ ቤቶች የሚያደርስ ወጣት ደንበኛ አለኝ። ከኋላው ሁለት የፕላስቲክ ሳጥን፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ዓሣና በረዶ ይጭናል። ሞተሩን የገጠምሁለት እኔ ነኝ፤ ክንዱም ፍሬኑም ልክ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመው ሊብሬ ጠየቁት። ብስክሌት ምን ሊብሬ አለው? ብስክሌቱ ተይዞ ግቢ ውስጥ ሰነበተ፤ ዓሣው በዚያው ቀን ተበላሸ። ማን እንደያዘው አልጽፍም፤ ያዢውም ቢሆን የሚመራበት መስመር ስላልተሰጠው እንደመሰለው ነው ያደረገው። ወጣቱ ብስክሌቱን እንደምንም አስለቅቆ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ባትሪው እንዳይታይ ከዓሣው ሳጥን ሥር ይቅበሩልኝ» አለኝ። በረዶ ከሚቀልጥበት፣ ጨዋማ ውኃ ከሚንጠባጠብበት ሳጥን ሥር! እምቢ አልሁት። እኔ እምቢ ያልሁትን ግን ሌላ ሰው በምሽት በር ዘግቶ ሊሠራለት ይችላል። ጸሐፊው የጠየቁት ዘመቻ የሚያስገኘው ውጤት ይኸው ነው፤ ብስክሌቶቹ አይጠፉም፣ ባትሪዎቹ ይደበቃሉ።

ባትሪ ደግሞ ሊደበቅ የሚገባው ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ልጆች የሚጠቀሙት ከተበላሹ ላፕቶፖች የወጡትን ጣት የሚያህሉ የሊቲየም ሴሎች ነው። እያንዳንዱ 3.7 ቮልት ነው፤ 13ቱ በተከታታይ ሲያያዙ 48 ቮልት የሚባለው ይገኛል። ሲሞላ እያንዳንዱ ከ4.2፣ ሁሉም በአንድነት ከ54.6 ቮልት ማለፍ የለባቸውም። የእያንዳንዱን ረድፍ ልክ የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከሌለ ያረጀው ሴል ቀድሞ ይሞላና ከልክ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እሳት ነው። ለ60 ቮልት በተሠራ ቻርጀር የ48ቱን የሚሞላም ገጥሞኛል። አራት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ያስገጠሙት ከእሳቱ ይልቅ በክብደቱ ይቸገራሉ፤ ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ብረት መሸከም የፎኒክስን ወገብ ያጎብጣል።

ጸሐፊው እነዚህ ብስክሌቶች የሰፈሩን መብራት ይሻማሉ ማለታቸው ግን አስቆኛል። 48 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ በቻርጀሩ የሚባክነው ተጨምሮ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል። የእርሳቸው ቤት ምጣድ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት የእኔ ደንበኛ ሁለት ሦስት ቀን ዓሣ ያመላልሳል። የኤሌክትሪክ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች የታክስ እፎይታ ሰጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተነግሯል። መኪና መግዛት ለሚችለው ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ያለውን ብስክሌት በባትሪ የሚያስነዳው ሰው የሚሰማው ቃል «ይወረስ» ብቻ መሆኑ ትክክል አይመስለኝም።

የምጠይቀው በብስክሌትና በሞተር ሳይክል መካከል መስመር እንዲሰመር ነው። ሌሎች አገሮች አስምረዋል። በአውሮፓ ኅብረት ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ ነጂው ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስም እርዳታውን የሚያቆም ከሆነ እንደ ብስክሌት ይቆጠራል። ህንድም በ250 ዋትና በ25 ኪሎ ሜትር ላይ የተመሠረተ ተመሳሳይ ወሰን አላት። ለእኛም ፍጥነቱ ይስማማናል። ከዚያ በላይ የሚሄደው ሞተር ሳይክል ነውና ሰሌዳም መንጃ ፈቃድም ይጠየቅ፤ ባለቤቱም አይነጫነጭ። ዋቱን በሚመለከት ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመኑ። «350 ዋት» የሚል የተለጠፈበት ሞተር፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው መቆጣጠሪያ 20 አምፔር የሚያሳልፍ ከሆነ በ48 ቮልት 960 ዋት ይስባል። ፍጥነትም ቢሆን በብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ላይ አንዲት ነጭ ሽቦ በመንቀል ብቻ ገደቡ ይነሣል፤ ይህንን የማያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ መርማሪው ወረቀት ማንበቡን ትቶ ብስክሌቱን በተለካ ርቀት ላይ ያስነዳ፣ ሰዓት ይያዝ፣ ፍሬኑን አስይዞ በሜትር ይለካ፣ ክንዱን ይነቅንቅ፣ የባትሪውን ቮልት በመለኪያ ይይ። ለአንድ ብስክሌት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በከተማችን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ውስጥ የብረታ ብረትና የኤሌክትሪክ መምህራን አሉ፤ መሣሪያውም አላቸው።

የሻሲ ቁጥር የሌለው ነገር እንዴት ይመዘገባል ለሚሉ ደግሞ ብስክሌቱን ገልብጡት ነው የምላቸው። ፔዳሉ ከሚዞርበት በታች፣ ጭቃና ግራሱ ሲጠረግ፣ በአብዛኞቹ ላይ በፋብሪካ የተመታ ቁጥር አለ። እኔ የተሰረቀ ብስክሌት ወደ ሱቄ ሲመጣ የምለየው በዚያ ነው።

ይህ ደብዳቤ ታትሞ ለሚያነቡት ልጆች ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ። ፊውዝ ሲቃጠልባችሁ በሽቦ የምታስሩ፣ በብር ወረቀት የምትጠቀልሉ አላችሁ። ከባትሪው ጋር የገጠምሁላችሁ ፊውዝ ባለ 30 አምፔር ነው፤ በባለ 30 ተኩት። ደጋግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ነውና ብስክሌቱን እየገፋችሁ አምጡት፤ ለማየቱ አላስከፍልም።

ብስክሌት ጠጋኙ አንባቢያችሁ
ከሐዋሳ