«በመቶ የሚቆጠሩ ጊታሮች» ከየት መጡ?

ይድረስ ለመዝናኛ ገጽ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሮክ ባንዱ ማይ ብለዲ ቫለንታይን «ላቭለስ» አልበም ያወጣችሁትን ጽሑፍ እሰይ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ሮክ በገጻችሁ ቦታ ሲያገኝ ብርቅ ነውና። «በመቶ የሚቆጠሩ ጊታሮች ተደራርበውበት» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ደስታዬ እዚያው አበቃ።

ይህ ሠላሳ ዓመት ሲንከባለል የኖረ የበሬ ወለደ ወሬ ነው። የባንዱ መሪና ጊታር ተጫዋች ኬቪን ሺልድስ ራሱ በየቃለ ምልልሱ ሲያስተባብለው ኖሯል፤ የጊታሮቹ ቁጥር ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው። ድምፁን ግዙፍ ያደረገው ክሮቹን የሚመታበት መንገድ ነው። ሺልድስ የፌንደር ጃዝማስተር ጊታሩን የትሬሞሎ ዘንግ (የክሮቹን ውጥረት የሚያላላና የሚያጠብቅ እጀታ) በመዳፉ እንደያዘ ክሮቹን ይመታል። እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘንጉም አብሮ ስለሚሄድ ሙሉው ኮርድ (በአንድ ላይ የተመቱት ድምፆች) ቅኝቱ በጥቂቱ ይወርዳል፣ ይመለሳል፤ ማሲንቆ ላይ ጣት ሲንሸራተት ድምፁ እንደማይረጋው ማለት ነው። ዘንጉ ከፍ ብሎ እንዲቆምለትም ሥሩን በፕላስተር ይጠቀልለው ነበር።

ከዚያ ድምፁ እንደ ያማሃ ኤስፒኤክስ 90 ባለ መሣሪያ የተገላቢጦሽ ሪቨርብ (ማሚቶ) ውስጥ ያልፋል። ቴፕ ወደ ኋላ አልተጫወተም፤ መሣሪያው ማሚቶውን ከትንሽ ወደ ትልቅ እያሳደገ ነው የሚያወጣው። ዋናው ድምፅ ተወግዶ ማሚቶው ብቻ ሲቀር የምቱ ጠርዝ ይጠፋል። ድምፅ የሚያወዛውዙ እንደ ኮረስና ፍላንጀር ያሉ መሣሪያዎች የሉበትም።

«ታዲያ ቢሳሳቱስ ምን አለበት?» የሚለኝ አይጠፋም። ያንን ያነበበ ተማሪ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ ሃያ ትራክ ዲስቶርሽን (ድምፁ የሻከረ ጊታር) ይደረድራል፤ የድምፁን ጭቃ እንድናጠራለት ይዞ የሚመጣው ደግሞ እኛ የጊታር መምህራን ዘንድ ነው። የሃያዎቹ ቅኝት በጥቂቱ ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ምት ያደበዝዛል፤ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ ያለው ድምፅ ተከምሮ ቤዙንና ከበሮውን ይውጣል። ኢኳላይዘር (የድምፅ ማመጣጠኛ) ያንን አያድነውም። አንድ ጊታር ይበቃል። በተራ የስትራት (ስትራቶካስተር) ዓይነት ጊታር የሚሞክር ከ11 (0.011 ኢንች) ያልቀጠነ ክር ይግጠም፣ ናቱ (የአንገቱ ጫፍ ላይ ያለው የክር መደገፊያ) ላይ ያሉትን የክር ቦዮችም በመጻፊያ እርሳስ ይቀባቸው። አለዚያ ዘንጉ ሲመለስ ክሩ ቦዩ ውስጥ ተይዞ ቅኝቱ ይዛባል፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከዳው ሦስተኛው ክር ነው።

መደራረብ ካማራችሁ ያለው ድምፃውያኑ ዘንድ ነው። የባንዱ ድምፃዊትና ጊታር ተጫዋች ቢሊንዳ ቡቸርና ሺልድስ ደጋግመው የዘፈኑት ሁሉ አንዱ ሳይመረጥ በአንድ ላይ እንዲሰማ ተደርጓል፤ ቃላቱ የሚደበዝዙት አንድም ለዚህ ነው። ጽሑፋችሁ ግን የቡቸርን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም! ከአራቱ የባንዱ አባላት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ቦታ ጠቧችሁ ይሆናል፤ ለመቶዎቹ ጊታሮች ግን አልጠበበም።

ጊታሩ ጥቂት ከሆነ አልበሙን ለመቅዳት ከ1989 እስከ 1991 (እ.ኤ.አ.) ምን ሲሠሩ ከረሙ? አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። ወደ 19 ስቱዲዮ ተቀያይሯል፤ ሺልድስ የሚፈልገውን እስኪያገኝ አንዱን ድምፅ ለሳምንታት ይዞ ይቀመጥ ነበር። ከበሮ መቺው ስለታመመ አብዛኛው ከበሮ ራሱ ከመታቸው ቅጂዎች በሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅን መልሶ በሚያጫውት መሣሪያ) ተቀናብሯል። አልበሙ 250,000 ፓውንድ ፈጅቶ አሳታሚውን ክሪኤሽን ሬከርድስን አከሰረ የምትሉትንም ሺልድስ አይቀበለውም። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት እንደነበር አልክድም፤ በ1992 ከፊል ድርሻውን ለሶኒ ሸጧል። ግን በ1994 የኦኤሲስ ባንድን የመጀመሪያ አልበም ያሳተመው ይኸው «የከሰረ» ኩባንያ ነው።

እርማት የምታወጡ ከሆነ እንደ ልማዳችሁ ከማስታወቂያ ሥር በደቃቅ ፊደል አትቅበሩት። ጽሑፉ የወጣበት ቦታ ይውጣ፣ የቡቸርም ስም ይግባበት።

የጊታር መምህር
አዲስ አበባ