ሽንቱ ከወጣ በኋላ

እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም። አባዬ ታሞብኝ ነበር። ሰሞኑን አባባም ሽንት እያስቸገራቸው መሆኑን ስሰማ ግን ሳልጽፍልሽ ማደር አልቻልኩም።

የአባዬ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) አብጦ ሽንቱ ጭራሽ አልወጣ አለ። ሆዱ እስከ እንብርቱ ተወጥሮ ነበር። ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ሲገባለት በአንዴ ከ1 ሊትር በላይ ወጣለት። ፊቱ ፈካ። እኔም ተመስገን ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ነርሷ "የት ልትሄጂ ነው? ዋናው ዛሬ ማታ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሽንቱ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ባዶ ካደረገችው በ1 ሰዓት ውስጥ 400 ሚሊ ሊትር ሞላ። በሚቀጥለውም ሰዓት እንዲሁ። ሽንቱ እንደ ውሃ ነጣ። የአባዬ ከንፈር ደረቀ፤ ቀና ሲል ያዞረው ጀመር።

የሽንት መንገዱ ሲዘጋ ውሃ፣ ጨውና ዩሪያ የሚባለው ቆሻሻ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ሲከፈት ኩላሊት ትርፉን ያስወጣል፤ ይሄ ደህና ነው፣ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ጋብ ይላል። ግን የታገደው ሽንት ግፊት የኩላሊቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ጎድቷቸው ከሆነ ውሃና ጨው መልሰው መምጠጥ ያቅታቸዋል። ያኔ ትርፉ ካለቀም በኋላ ሽንቱ መውረዱን አይተውም። ሰውነት የሚያስፈልጉትን ማዕድናት፣ ሶዲየሙን፣ ፖታሲየሙን፣ ማግኒዥየሙን ይዞ ይሄዳል። ፖታሲየም በጣም ከወረደ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። ለዚህ ነው በየጊዜው ደም የሚወስዱት። ለ2 ተከታታይ ሰዓት በየሰዓቱ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ወይም በ24 ሰዓት ከ3 ሊትር በላይ ከወጣ ሐኪሞች በቅርብ ይከታተላሉ።

ከሐኪሙ ጋር የተሟገትኩት በግሉኮሱ ነው። ግሉኮስ እንለዋለን እንጂ የተሰቀለለት የጨው ውሃ ነበር። "ይህን ሁሉ አፍስሶ ግማሹን ብቻ ትመልሱለታላችሁ?" አልኩት። ሐኪሙ ሳይቆጣ አስረዳኝ። የወጣውን ሁሉ በደም ሥር ከመለስንለት ኩላሊቱ ያንኑ እያፈሰሰ ይቀጥላል አለኝ። አባዬ አእምሮው ንቁ ስለነበር ሲጠማው በአፉም ይጠጣ ነበር።

እባክሽ፣ አባባ ካቴተር ከገባላቸው ያን ሌሊት አጠገባቸው እደሪ። ከረጢቱ በየሰዓቱ ይለካ፤ አንቺም ጻፊው። ካዞራቸው፣ ካቃዣቸው ወይም የልብ ምታቸው ከተዛባ ሳትውዪ ሳታድሪ ነርስ ጥሪ።

የአባዬን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ 420። 8 ሰዓት፣ 390። በ3ኛው ቀን ጠዋት ላይ 80 ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን ሳይ ነው ያለቀስኩት።

ስልኬ ያው ነው፣ በሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ።

የአንቺዋ